«ኃይሉን ጨምርልኝ» የሚለው ደንበኛና የኤሌክትሪክ ብስክሌት ነጋዴው

በባትሪ የሚሠሩ ብስክሌቶችን ወይም በተራ ብስክሌት ላይ የሚገጠሙ ሞተሮችን የሚሸጥ ነጋዴ አንድ ዓይነት ደንበኛ ሳያጋጥመው አይቀርም። ደንበኛው ዕቃውን ገዝቶ ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ብስክሌቱን እየገፋ ይመለሳል። ጥያቄውም አጭር ነው፡- «ዳገት አይችልም፤ ኃይሉን ጨምርልኝ»።

ከሱቁ አጠገብ ካውያ የያዘ ባለሙያ አይጠፋም። በግማሽ ሰዓት ውስጥ መቆጣጠሪያውን ይፈታል፤ አንድ ቦታ ላይ ጥቂት ቆርቆሮ ያቀልጣል፤ መልሶ ይገጥማል። ብስክሌቱም በእርግጥ ይፈጥናል። ደንበኛው ይከፍላል፤ ባለሙያው ይመሰገናል። ሒሳቡ የሚመጣው በኋላ ነው። የሚመጣውም አብዛኛውን ጊዜ ካውያ ወደያዘው ሰው ሳይሆን ዕቃውን ወደሸጠው ነጋዴ ነው።

መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ የነጋዴውን ዓይን ስቧል። ብስክሌቱም ከዚሁ ተርታ የሚመደብ ነው። በመሆኑም ወደዚህ ንግድ ለመግባት የሚያስብ ሁሉ አንድ ጥያቄ አስቀድሞ መመለስ ይኖርበታል። ለመሆኑ የሚጨመረው ኃይል ከየት ይመጣል? ዋጋውንስ ማን ይከፍላል?

ተለጣፊው ቁጥር የሚናገረውና የማይናገረው

የዚህ ሸቀጥ ዋና ዋና ክፍሎች አራት ናቸው። ባትሪው፣ ኮንትሮለር የሚባለው መቆጣጠሪያ፣ በጎማው እምብርት ውስጥ የተቀመጠው ሞተር እና ይህን ሁሉ የሚሸከመው ብስክሌት። ገዢው ግን ብዙውን ጊዜ የሚያየው ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ብቻ ነው። «ባለ 250 ዋት»፣ «ባለ 500 ዋት»፣ «ባለ 1,000 ዋት» ይባላል።

ይህ ቁጥር ሞተሩ ሳይጎዳ ለረጅም ጊዜ ሊሠራበት የሚችለውን ኃይል የሚያመለክት ነው፤ ከዚያ በላይ አይሰጥም ማለት ግን አይደለም። ብዙ ባለ 250 ዋት ሞተሮች ለአጭር ጊዜ ከ500 ዋት በላይ ያወጣሉ። ቁጥሩ አንዳንዴም የሕግ ጉዳይ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ያለ መንጃ ፈቃድ የሚነዳ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሞተር ተከታታይ ኃይል ከ250 ዋት መብለጥ የለበትም፤ ፍጥነቱ 25 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲደርስም ሞተሩ መርዳቱን ማቆም አለበት። አሜሪካ በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ሕግ ደግሞ ከ750 ዋት በታች ይላል። ፋብሪካው ተለጣፊውን የሚያትመው ይህን እያየ ስለሆነ ሁለት ተመሳሳይ ሞተሮች ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ይዘው ገበያ ቢገኙ ሊያስደንቅ አይገባም።

እውነተኛው ኃይል የሚታወቀው በማባዛት ነው። የባትሪው ቮልት መቆጣጠሪያው በሚያሳልፈው አምፔር ሲባዛ ዋት ይሆናል። ባትሪው 36 ቮልት፣ መቆጣጠሪያው 15 አምፔር ከሆነ ከባትሪው የሚወጣው 540 ዋት ነው። ባትሪው 48 ቮልት፣ መቆጣጠሪያው 20 አምፔር ከሆነ 960 ዋት ይሆናል። ሞተሩ ላይ «1,000» ተጽፎ መቆጣጠሪያው 15 አምፔር ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ ደንበኛው የገዛው ቁጥሩን እንጂ ኃይሉን አይደለም።

የዳገቱ ሒሳብ

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ብስክሌቱ፣ ነጂውና የተጫነው ዕቃ በአንድነት 120 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ እንበል። መንገዱ በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት ነው፤ እንዲህ ያለው ዳገት ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም። የዳገቱ ርዝመት ደግሞ 2 ኪሎ ሜትር ይሁን። ከባትሪው ከሚወጣው ከእያንዳንዱ 100 ዋት ውስጥ ጎማው ላይ የሚደርሰው 75 ያህሉ ነው ብለን እንነሣ፤ ቀሪው ሙቀት ሆኖ ይቀራል።

ባለ 36 ቮልትና ባለ 15 አምፔሩ ዕቃ 540 ዋት ከባትሪው ይስባል። ጎማው ላይ የሚደርሰው 405 ዋት ነው። በዚህ ኃይል ብስክሌቱ ዳገቱን በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄደ ይወጣል፤ ጊዜውም ስምንት ደቂቃ ተኩል ያህል ነው።

አሁን ደንበኛው «በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እፈልጋለሁ» ይላል። ለዚህ መቆጣጠሪያው 22 አምፔር ማሳለፍ አለበት። ጉዞው ስድስት ደቂቃ ይሆናል። እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ድካም የተገኘው ትርፍ ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው።

የተከፈለውስ ምንድነው? በሽቦና በባትሪ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከአምፔሩ ጋር እኩል አያድግም፤ አምፔሩ በራሱ ሲባዛ በሚያድገው መጠን ያድጋል። የባትሪው ውስጣዊ ተቃውሞ 0.15 ኦም ቢሆን በ15 አምፔር ጊዜ በባትሪው ውስጥ 34 ዋት ሙቀት ይፈጠራል። በ22 አምፔር ጊዜ ግን 73 ዋት ይሆናል። አምፔሩ ግማሽ ያህል ሲጨምር ሙቀቱ ከዕጥፍ አለፈ ማለት ነው።

ደንበኛው ፔዳሉን ረግጦ 100 ዋት ያህል ቢያግዝ ግን፣ ጤነኛ ሰው ይህን ያህል ለጥቂት ደቂቃዎች አያቅተውም፣ ያው ባለ 15 አምፔር ዕቃ ፍጥነቱን ወደ 17 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያደርሰዋል። አንድ ሳንቲም አልወጣም፤ አንድ ብሎንም አልተፈታም። ስለዚህ ነጋዴው «ኃይል ጨምርልኝ» ሲባል መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ፔዳሉን ትረግጣለህ? የጎማህ ነፋስ በቂ ነው? ስንት ኪሎ ትጭናለህ?» ብሎ ነው።

የተነካ ሚዛን

ካውያ የያዘው ባለሙያ የሚያደርገውን ነገር ነጋዴ በቀላሉ ይረዳዋል። በመቆጣጠሪያው ውስጥ ከባትሪው የሚመጣው ፍሰት የሚያልፍበት አጭር ወፍራም የብረት ዘንግ አለ። መቆጣጠሪያው በዚህ ዘንግ ላይ የሚታየውን ጥቃቅን የቮልት ልዩነት እያነበበ ስንት አምፔር እንዳለፈ ይገምታል። ዘንጉ ላይ ቆርቆሮ ሲቀልጥበት ይወፍርና ተቃውሞው ይቀንሳል። ተቃውሞው በግማሽ ከቀነሰ መቆጣጠሪያው «15 አምፔር አለፈ» ብሎ ሲያስብ በእርግጥ የሚያልፈው 30 ነው።

ይህ ማለት ሚዛኑ ተነክቷል ማለት ነው። ሚዛን የሚነካ ነጋዴ የሚያጎድለው ከደንበኛው ነው፤ እዚህ ላይ ግን ሚዛኑ ተነክቶ የሚጎድለው ከራስ መጋዘን ነው። ከዚህም ሌላ፣ ቆርቆሮው ስንት እንደቀለጠ የሚለካ ስለሌለ አምፔሩ 20 ይሁን 35 ባለሙያውም ሆነ ደንበኛው አያውቁትም። የመቆጣጠሪያው ትራንዚስተሮች ደግሞ የሚሸከሙት በፋብሪካው የተመጠነላቸውን ነው።

ዋናው ተጎጂ ባትሪው ነው። 36 ቮልትና 10 አምፔር ሰዓት የሚባለው ባትሪ ብዙ ጊዜ የሚሠራው እያንዳንዳቸው 2.5 አምፔር ሰዓት ከሚይዙ 40 ትናንሽ ሴሎች ነው። አሥር ሴሎች ተከታትለው ቮልቱን ይሰጣሉ፤ አራት ሴሎች ጎን ለጎን ሆነው አምፔሩን ይካፈላሉ። በ15 አምፔር ጊዜ እያንዳንዱ ሴል 3.75 አምፔር ይደርሰዋል። በ22 አምፔር ጊዜ 5.5 ይደርሰዋል። ሴሉ የተሠራው ለ5 አምፔር ከሆነ፣ እንዲህ ያለው ሴልም በገበያ ላይ ብዙ ነው፣ በየዳገቱ ከአቅሙ በላይ እየሠራ ነው ማለት ነው። ምልክቱም ወዲያው አይታይም። ባትሪው መጀመሪያ ይሞቃል፤ በወራት ውስጥ የሚሄድበት ርቀት ያጥራል፤ በመጨረሻ ደንበኛው «የሸጥህልኝ ባትሪ መናኛ ነው» ብሎ ይመጣል።

ይህ ከኪሳራም ያለፈ ነገር አለው። በኒውዮርክ ከተማ በ2023 እ.ኤ.አ. በሊቲየም ባትሪዎች ምክንያት በተነሣ እሳት 18 ሰዎች ሞተዋል። ከተማዋም በዚያው ዓመት መስከረም ላይ በሥራ ላይ በዋለ ሕግ የደኅንነት ማረጋገጫ የሌለው የኤሌክትሪክ ብስክሌትና ባትሪ እንዳይሸጥ ከልክላለች። ሕጉ ያረፈው በሻጩ ላይ መሆኑን ልብ ይሏል።

አምፔር ወይስ ቮልት?

ኃይል የሚገኘው ከማባዛት ከሆነ አምፔሩን ትቶ ቮልቱን መጨመር ይቻላል። ይህ መንገድ በብዙ በኩል የተሻለ ነው። ከላይ ያየነው 792 ዋት በ36 ቮልት ባትሪ 22 አምፔር ይፈልጋል፤ በ48 ቮልት ግን 16.5 አምፔር ብቻ ይበቃዋል። በሽቦውና በመገናኛው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ከመጀመሪያው ባለ 15 አምፔር ዕቃ ጋር ሲነጻጸር የሚጨምረው በአንድ አምስተኛ ገደማ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ሞተርን በኋላ ጎማ እምብርት ውስጥ ለማስቀመጥ ኦግደን ቦልተን የተባለ አሜሪካዊ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 1895 ነው። የእሱ ሞተር በ10 ቮልት የሚሠራና እስከ 100 አምፔር የሚስብ ነበር። ተባዝቶ 1,000 ዋት ይሆናል። ዛሬ በ48 ቮልት ያንኑ 1,000 ዋት ለማግኘት 21 አምፔር ይበቃል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ከተገኙት ጥቅሞች አንዱ ቮልቱን ከፍ አድርጎ አምፔሩን ዝቅ ማድረግ መቻሉ ነው።

ሆኖም የ36 ቮልቱን ባትሪ ነቅሎ የ48 ቮልቱን መሰካት ብቻውን አይበቃም። ሁለት ነገሮች መታየት አለባቸው።

አንደኛ፣ 48 ቮልት የሚባለው ባትሪ ሙሉ ሲሆን 54.6 ቮልት ይደርሳል። መቆጣጠሪያው ተከፍቶ በውስጡ ያሉት ክብ ኮንደንሰሮች ላይ የተጻፈው ይነበብ። 63 ቮልት ከሆነ በኮንደንሰሩ በኩል ችግር የለም፤ 50 ቮልት ከሆነ ግን ሊፈነዳ ይችላል። ትራንዚስተሮቹም በዚሁ ዓይን መታየት አለባቸው።

ሁለተኛ፣ የ36 ቮልት መቆጣጠሪያ ባትሪው ወደ 31 ቮልት ገደማ ሲወርድ ሥራ ያቆማል። ይህ ለአሥር ሴል ትክክል ነው። የ48 ቮልቱ ባትሪ ግን 13 ተከታታይ ሴሎች ስላሉት 31 ቮልት ላይ ሲደርስ እያንዳንዱ ሴል ከ2.4 ቮልት በታች ወርዷል፤ ይህም ሴሉን የሚያበላሽ ነው። ስለዚህ መቆጣጠሪያው ከባትሪው ጋር አብሮ መለወጥ አለበት።

ቮልት ሲጨምር ፍጥነትም በዚያው ልክ ይጨምራል። በሜዳ 25 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄድ የነበረው በቂ ኃይል ካገኘ ወደ 33 ይጠጋል። ነፋሱን ለመሰንጠቅ የሚጠይቀው ኃይል ግን ከዕጥፍ በላይ ይሆናል፤ ፍሬኑ የሚያበርደው የሩጫ ጉልበትም በ74 በመቶ ይጨምራል። ተራው የብስክሌት ፍሬን ለዚህ የተሠራ አይደለም።

ሞተሩን የሚያቃጥለው ምንድነው?

ብዙዎች ሞተር የሚቃጠለው በፍጥነት ነው ብለው ያስባሉ። እውነቱ ወደ ተቃራኒው ያደላል። ሞተሩን በዋነኛነት የሚያሞቀው የሚጎትተው ክብደትና የዳገቱ ቁልቁለት ነው። መቆጣጠሪያው በዝግታ ጊዜ ከባትሪው 15 አምፔር እየወሰደ ወደ ሞተሩ ጥቅል ሽቦ 40 ወይም 50 አምፔር ሊልክ ይችላል፤ ቮልቱን አሳንሶ አምፔሩን ያበዛዋልና። ስለዚህ ዕቃ ጭኖ በቀጥ ያለ ዳገት ላይ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር እየተንፏቀቀ የሚሄድ ሞተር በሜዳ ከሚበረው ይልቅ ለመቃጠል ቅርብ ነው። ቀድሞ በዚህ ዳገት ላይ ቀጥ ብሎ ይቆም የነበረው ብስክሌት «ኃይል ተጨምሮለት» ሲወጣው ሞተሩ ሙቀቱን የሚሸከመው በዚህ ጊዜ ነው።

የሞተሩ ዓይነትም ይለያያል። አንዱ ዓይነት በውስጡ ጥርሶች ያሉት ነው፤ ቀላልና ዳገት የሚወድ ነው። ነገር ግን ጥርሶቹ ብዙ ጊዜ ናይለን ስለሆኑ ሲሞቁ ይለሰልሳሉ፤ ጉልበት ሲበዛባቸው ይረግፋሉ። ጥቅል ሽቦውም ከውጭው ቅርፊት የተለየ ስለሆነ ሙቀቱ በቶሎ አይወጣም። ሌላው ዓይነት ጥርስ የሌለው ከባድ ሞተር ነው። ይህ ብዙ ኃይል ይችላል፤ በዝግታ ግን ባትሪ ይጨርሳል። በሁለቱም ውስጥ ያሉት ተራ የኒዮዲሚየም ማግኔቶች ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቁ ጉልበታቸውን ሊያጡ ይችላሉ፤ ያጡትም ሲበርዱ ሙሉ በሙሉ አይመለስም።

አዲስ አበባ ደግሞ የራሷ ጠባይ አላት። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኗ አየሯ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ለነጂው ይህ ጥቅም ነው፤ ነፋሱ ብዙ አይይዘውም። ለሞተሩ ግን ጉዳት ነው፤ የሚያቀዘቅዘው አየር አንሷልና። የፋብሪካ ሞተሮች ደረጃ የሚወጣላቸው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ መሆኑም የታወቀ ነው።

መፍትሔውስ? ዳገት ለሚበዛበት ሥራ ከአምፔር ይልቅ የጎማው ስፋት ሊረዳ ይችላል። ያው ሞተር በ26 ኢንች ጎማ ፋንታ በ20 ኢንች ጎማ ላይ ሲገጠም የሚገፋበት ጉልበት በ30 በመቶ ይጨምራል፤ ፍጥነቱም በተመጣጣኝ ይቀንሳል። በዝግታ ለመዞር የተጠቀለለ ሞተርም ማዘዝ ይቻላል። በመሆኑም ብስክሌት ለለመዱትና ሜዳ ለሆኑት ለባሕር ዳርና ለሐዋሳ የሚላከው ዕቃ ለአዲስ አበባ ዕቃ ጭነት ከሚሸጠው ጋር አንድ መሆን የለበትም።

ብረቱም ይቆጠር

የሞተሩ ዘንግ አይዞርም፤ ጎማው ነው በዙሪያው የሚዞረው። ስለሆነም ጎማውን ወደፊት የሚገፋው ጉልበት ሁሉ ዘንጉን ወደኋላ ይጠመዝዘዋል። ኃይል ሲጨመር ዘንጉ የገባበት ስንጥቅ፣ በተለይ አሉሚኒየም ከሆነ፣ ሊከፈት ይችላል። ዘንጉ አንድ ጊዜ ከዞረ በውስጡ ያለፉትን ሽቦዎች ጠምዝዞ ይቆርጣቸዋል፤ መቆጣጠሪያውም አብሮ ይቃጠላል። ሞተሩ ያለው በፊት ጎማ ከሆነ ደግሞ ጎማው በሩጫ ላይ ሊወልቅ ይችላል። ዘንጉን ከብስክሌቱ አካል ጋር የሚያስረው፣ በገበያ ቶርክ አርም የሚባለው ብረት ዋጋው ትንሽ ነው፤ ጥቅሙ ግን የሰው ሕይወት ነው።

የነጋዴው ስሌት

እንግዲህ ኃይል የሚገዛው በአራት ቦታ ነው ማለት ነው፤ ከአራቱ ደካማው የሌሎቹን ሁሉ ልክ ይወስናል። ከአራቱም ውስጥ ትልቁን ዋጋ የሚጠይቀው ባትሪው ነው። ያንን 22 አምፔር ያለ ጉዳት ለማግኘት ትክክለኛው መንገድ ጎን ለጎን የሚቆሙትን ሴሎች ከአራት ወደ ስድስት ማሳደግ ነው፤ የእያንዳንዱ ሴል ድርሻ ወደ 3.7 አምፔር ይመለሳል፤ የሚኬድበት ርቀትም በግማሽ ይጨምራል። ካውያ በያዘው ሰው ዘንድ ርካሽ የመሰለው ኃይል ይህን ዋጋ የዘለለ ሳይሆን ወደፊት ያስተላለፈ ብቻ ነው።

ዕቃ ለማስመጣት የሚያስብ ነጋዴ አቅራቢውን ሊጠይቃቸው የሚገቡት ነገሮች እነዚህ ናቸው፡-

• መቆጣጠሪያው የሚያሳልፈው አምፔር ስንት ነው? ተከታታዩና የአጭር ጊዜው ተለይተው ይነገሩ።
• ባትሪው በተከታታይ የሚችለው አምፔር ከመቆጣጠሪያው ይበልጣል? ካልበለጠ ዕቃው ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ የተሳሳተ ነው።
• የሴሉ ሠሪ ማነው? የደኅንነት ማረጋገጫውስ አለ?
• ሞተሩ በውስጡ የሙቀት መለኪያ አለው? መቆጣጠሪያው ሲሞቅ አምፔሩን ዝቅ የሚያደርግ ከሆነ ብዙ ሞተር ያድናል።
• ቶርክ አርሙና የዲስክ ፍሬኑ ከዕቃው ጋር ይመጣሉ?

ለደንበኛው ደግሞ ዋስትናው በግልጽ ይጻፍለት። መቆጣጠሪያው ከተከፈተ ዋስትናው ይቀራል ተብሎ ማኅተም ቢደረግበት ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናል። ኃይል በእርግጥ የሚያስፈልገው ደንበኛ ሲመጣም፣ ዕቃ የሚያመላልስ ሰው ሊያስፈልገው ይችላልና፣ ባትሪውን፣ መቆጣጠሪያውንና ፍሬኑን በአንድነት የሚለውጥ ዋጋ ይቅረብለት። ዋጋው ቢከብደው ትንሹን ዕቃ እንዳለ ይዞ ፔዳሉን እየረገጠ ቢሄድ ይሻለዋል።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። በዚህ ንግድ ግን የፈሰሰው ባትሪ ከሆነ የሚለቀም ነገር አይኖርም። ሁለት ደቂቃ ተኩል ለማትረፍ የወጣው ወጪ በባትሪው ዕድሜ ላይ ሲታሰብ ስንት እንደሚሆን ደንበኛው ቁጭ ብሎ እንዲያሰላ የሚያደርግ ነጋዴ ያንን ቀን አንድ ሽያጭ ሊያጣ ይችላል። በዓመቱ ግን ብስክሌቱ እየተገፋ ወደ ሱቁ አይመለስም፤ ደንበኛው እየነዳው ይመጣል እንጂ።